ተመክራችኋል ወይ?

ደብዳቤው የደረሰው እሑድ ጠዋት ነበር። ካርቱም እሑድን የምታውቀው በሥራ ቀንነቱ ነው። ቃለአብ የቢሮው በረንዳ ላይ ቆሞ፣ ማዶ ጣራ ላይ የተሰጣ ቀይ አንሶላ ነፋስ ሲነፋው እያየ «መርከብ ነው፤ የለም፣ ድንኳን ነው» እያለ ከራሱ ጋር ይሟገታል። ከሰው ጋር ከመሟገት ከራሱ ጋር መሟገት ይቀለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ እንዲህ ነው የኖረው።

«ያ ቃለአብ» አለችው ሐምዲያ በዓረብኛ ከውስጥ።

«ያላ» አላለችም፤ በል ቶሎ እንደማለት ነው። ሐምዲያ ሰው ስትጠራ «ያላ» ካልጨመረችበት ነገር አለ ማለት ነው።

ሐምዲያ ጠበቃ ናት። «ዓይን» የሚባለውን ትንሽ ማኅበር ያቋቋመችው እሷ ናት። ዓይን በዓረብኛም ዓይን፣ በአማርኛም ዓይን ነው፤ ቃለአብ ሥራ የለመነውም መጀመሪያ ስሙን ወዶት ነው። ማኅበሩ ሦስት ክፍል፣ አራት ሠራተኛና ስትዞር የምታቃስት አንዲት ማራገቢያ አለው። ሥራው ደግሞ ማየት ነው። ትልልቆቹ የልማት ባንኮች ከባሕር ማዶ ሆነው ለመንገድ፣ ለግድብ፣ ለቦይ ገንዘብ ሲሰጡ፣ ገንዘቡ ያረፈበት ሰፈር ሰው ምን ደረሰበት ብሎ ይከታተላል። ባንኮቹ ራሳቸው የጻፉት ሕግ አላቸው። ከሕጎቹ አንዱ፣ ሰው የሚነካ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰውየው ሐሳቡን ይጠየቅ ይላል። ሳይጠየቅ ከቀረ አቤት የሚልበት ቢሮም ባንኩ ውስጥ አለ። ዓይን የሚኖረው በዚህች ሕግና በዚያች ቢሮ ነው።

«ተቀመጥ» አለችው። ደብዳቤውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታዋለች። «የማዮ ሰፈር የጎርፍ ቦይ ነገር ነው። አቤቱታችን ሊወድቅ ነው።»

«ለምን?»

«በራሳችን ወረቀት። አራተኛውን ጥያቄ ታስታውሳለህ? ሥራው ሳይጀመር ተማክራችኋል ወይ የሚለውን?»

«አስታውሳለሁ።»

«ሠላሳ ሰባት ቤት ሞልቷል። ሠላሳ ሰባቱም አዎ ብለዋል።»

ቃለአብ ሳቅ መጣበት፤ ልክ ያልሆነ ነገር ሲሰማ ሳቅ ይቀድመዋል። ከዚያ ቅጾቹን አንድ በአንድ አየ። ወረቀቱ ላይ ዓረብኛው ከቀኝ ይነሣል፣ አማርኛው ከግራ ይነሣል፤ መካከል ላይ ሲገናኙ ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች አሉ። አዎ፣ አይደለም። አራተኛው ጥያቄ ላይ ሁሉም አዎ ላይ ምልክት አድርገዋል። አንዳንዱ እንዳይጠፋ ብሎ ሁለቴ አስምሮበታል።

«አንተ አይደለህ ያስሞላኸው?»

«እኔ ነኝ» አለ። ግማሹ እውነት ነበር። ሰው ቤት አንኳኩቶ መግባት ስለሚጨንቀው ወረቀቱን በሙሉ ሰፈሩ ውስጥ የሰው ልጅ የምታውለው እትዬ መሠረት ጋ ጥሎ፣ በማግስቱ ሰብስቦ ነው የመጣው። በዚያ ቀን ቆፋሪው መኪና ሰፈሩ ጥግ ደርሶ ስለነበር፣ ሐምዲያም ሳታገላብጥ ነው የላከችው። እሷ ብታገላብጥም አማርኛውን አታነበውም።

«ምናልባት ፈርተው ይሆን?» አለች ሐምዲያ። «የኩባንያው ሰው አስፈራርቷቸው ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ እጽፋለሁ። የባንኩ መርማሪ በዚህ ሳምንት ካርቱም ትገባለች፤ ዓርብ ማዮ ትመጣለች። ከዚያ በፊት የምንለው ካልተገኘ መዝገቡን ትዘጋና በቀጣዩ እሑድ መኪናው ቁፋሮውን ይቀጥላል።»

«ይሆናል» አለ ቃለአብ። «ፈርተው ይሆናል።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ቀሎት ነበር። ደረጃውን ወርዶ አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ግን መክበድ ጀመረ።

ማዮ ካርቱም ወደ ደቡብ ተዘርግታ፣ ተዘርግታ፣ አስፋልት መዘርጋቱ ሲደክማት የተወችው ሰፈር ነው። ከጦርነትና ከድርቅ የሸሸ ሁሉ አርፎበታል፤ ሐበሻውም የራሱን ጥግ ይዟል። ኸሪፍ ገብቶ ዝናቡ ሲጥል ሰፈሩ ይሰምጣል። ሰው አልጋውን በጡብ ላይ ያቆማል፣ ልጁን አልጋው ላይ ያቆማል፣ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃል። ስለዚህ ባንኩ የጎርፍ ቦይ ሊያስቆፍር ነው ሲባል እልል ያለ እንጂ ያኮረፈ አልነበረም። ነገር የመጣው የቦዩን መስመር የሚያሳዩት ቀያይ ካስማዎች መሬት ላይ ተደርድረው፣ ተደርድረው፣ የመሠረትን ሆሽ ለሁለት ሲከፍሉት ነው።

ሆሽ ማለት ግቢ ነው። የመሠረት ሆሽ አንድ የኒም ዛፍ፣ ሁለት የዚንጎ ዳስ፣ ሁለት የውሃ እንስራና አሥራ ስምንት ልጆች አሉበት። እናቶቻቸው ጎሕ ሳይቀድ አምጥተዋቸው አል-ጣኢፍ ያሉት ትልልቅ ቤቶች ውስጥ ሲያጥቡና ሲተኩሱ ውለው ይመለሳሉ። ይህ ሆሽ ከመከፈቱ በፊት እናቶቹ ልጅ ላይ በር ቆልፈው ነበር የሚሄዱት። ቃለአብ ይህን ከማንም አልሰማውም። የእሱም እናት አል-ጣኢፍ ትሠራ ነበር። በር ተቆልፎበት፣ በስንጥቁ የሚገባውን ብርሃን ግድግዳው ላይ እየተከተለ፣ አሁን መርከብ ነው፣ አሁን ግመል ነው ሲል ነው ያደገው። እሱ ብቸኝነቱን ለምዶታል፤ ጥሩ ጓደኛ ሆኖታል። ለሌላ ልጅ ግን አይመኘውም።

የሆሹ ግድግዳ ላይ ይፈርሳል የሚል ትልቅ ቀይ ምልክት ተቀብቶበታል። አንዱ ልጅ በከሰል ዓይንና አፍ ጨምሮለት አሁን የሚስቅ ሰውዬ መስሏል።

«ቃልዬ፣ ግባ እንጂ! ደጅ ላይ የሚቆም ጅብ ነው» አለችው መሠረት። ወፍራም፣ ፈጣን፣ አርባዎቹን ያገባደደች ሴት ናት። በአንድ ክንዷ ሕፃን ይዛ፣ በሌላው እጇ የሌላውን አፍንጫ ትጠርጋለች።

«እትዬ መሠረት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር።»

«ጠይቅ። ስትጠይቅ ደግሞ ተቀመጥ። ቆሞ የሚጠይቅ ፖሊስ ነው።»

ተቀመጠ። ከኒሙ ሥር የልብስ ስፌት መኪና ፈትተው ዘይት የሚቀቡት ጋሽ ምንዳዬ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። ጋሽ ምንዳዬ በደርግ ጊዜ ድንበር የተሻገሩ፣ አገራቸው ሳሉ አስተማሪ፣ ከዚያም በፊት ድቁና የተቀበሉ ሰው ናቸው። ካርቱም ውስጥ ያላደሱት የስፌት መኪና፣ ያላረሙትም ሰው የለም ይባላል።

ቃለአብ ቅጹን ዘረጋ። «እዚህ ጋ... አራተኛው ላይ አዎ ብላችኋል። ሁላችሁም።»

«ብለናላ።»

«ለምን?»

መሠረት ተገረመች። «እንዴ፣ ለምን ይለኛል! ተመክረናላ። እንደዚህ ዓመት ተመክረን አናውቅም። መጀመሪያ ሙሀንዲሱ መጣና ልጆቹን ከጉድጓዱ አርቂ ብሎ መከረኝ። ደህና። ቀጥሎ የሰፈሩ ሹም መጣና ዕቃሽን ቀድመሽ አውጪ፣ ኋላ ጭነት መኪና አይገኝም ብሎ መከረኝ። እሱም ደህና። ከዚያ ያ ባለቀለሙ መጣና ግድግዳው ላይ አትደገፊ፣ አልደረቀም ብሎ መከረኝ። ታዲያ ወረቀትህ ተመክራችኋል ወይ ሲለን ምን እንበል? እንዋሽ?»

ጋሽ ምንዳዬ የዘይት እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «እስቲ ወዲህ በላት ያችን ወረቀት።»

ሰጣቸው። አነበቡ። ከንፈራቸው ሥር እየሳቁ እንደገና አነበቡ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ልትጠይቅ ነበር ያሰብከው?»

«ሐሳባቸውን ተጠይቀው እንደሆነ ነው ጋሼ። ዓረብኛው ሹራ ነው የሚለው።»

«እና ተመክራችኋል ብለህ ጻፍክ።»

«ምክር ቤት...» አለ ቃለአብ፤ ድምፁ እያነሰ ሄደ። «ምክር ቤት በዓረብኛ መጅሊስ ሹራ ነው። ስለዚህ ምክር ሹራ መሰለኝ። ሹራ የተደረገለት ሰው ደግሞ ተመክሯል ማለት ነው ብዬ...»

ጋሽ ምንዳዬ ሳቃቸውን ለቀቁት። ሕፃኑ ደንግጦ አያቸው። «አየሽ መሠረት? ራብዑን በግዕዝ ጻፈው! ‘ማ’ን እግሯን ቆርጦ ‘መ’ አደረጋት። ልጄ፣ ተማከረ ሌላ፣ ተመከረ ሌላ። የተማከረ ሰው አፍ አለው። የተመከረ ሰው ያለው ጆሮ ብቻ ነው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ሲባል አልሰማህም? እነዚህ የተመከሩት እንደዚያ ነው።»

መሠረት አልሳቀችም። ሕፃኑን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። «ታዲያ አሁን ምን ሊሆን ነው?»

ቃለአብ ደብዳቤውን፣ ዓርብን፣ እሑድን ነገራት። የጻፈው እሱ እንደሆነ፣ ቤት ለቤት ዞሮ ቢጠይቅ ኖሮ ገና ከመጀመሪያው ሰው አፍ ስህተቱን ይሰማ እንደነበር ጭምር ነገራት። እንዲህ ረጅም ነገር ለሰው ተናግሮ አያውቅም።

«እኔ ትምህርቴ አራተኛ ላይ ነው የቆመው» አለች መሠረት። «አንተ አሥራ ሁለተኛን የጨረስክ ነህ ብዬ፣ ያላወቅኩት እኔ ነኝ ብዬ ነው ለእናቶቹ ያስሞላሁት። ሁለተኛ ግን እንዲህ ወረቀት ጥለህብኝ አትሂድ።»

«አልሄድም።»

«ያላ፣ እንግዲያው ሻይ ጠጣና ሂድ። የሚቆጣህ ሰው በባዶ ሆድ አያግኝህ።»

ቢሮ ሲመለስ ሐምዲያ ደብዳቤዋን ልትጨርስ ሁለት መስመር ቀርቷት ነበር። «ነዋሪዎቹ ከፍርሃት የተነሣ» የሚለውን ከትከሻዋ በላይ አነበበው። ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ጋሽ ምንዳዬ ባንክ ቤት አይሄዱም። ደብዳቤው ግን ሠላሳ ሰባት ሰዎችን ፈሪ አድርጎ ሊሄድ ነው፤ እነሱ ደግሞ ለተጠየቁት ጥያቄ እውነቱን ነው የመለሱት።

«ኡስታዛ» አላት፤ ጠበቃን እንዲህ ነው የሚጠሩት። «አልፈሩም። ስህተቱ የእኔ ነው።»

አስረዳት። የ‘መ’ንና የ‘ማ’ን ነገር በወረቀት ላይ ጻፈላት። ሐምዲያ ሁለቱን ፊደሎች ረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ለእሷ ሁለት ጉንዳን ናቸው፣ አንዱ ባለእግር።

«በዚህች?»

«በዚህች።»

ማራገቢያዋ ሁለት ዙር አቃሰተች። ሐምዲያ የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች አጠፋችው።

«አልተቆጣሽም?» አለ ቃለአብ።

«ተቆጥቻለሁ። አይታይህም? ግን ስማኝ። እኛ እዚህ ቁጭ ብለን የምንውለው ትልቁን ባንክ ስህተትህን እመን እያልን ነው። አሁን የራሳችንን ከሸፈንን፣ ሰኞ ምን ብዬ ነው ሥራ የምገባው?» ወንበሯን ወደ እሱ ገፋችው። «ና፣ አንተ ጻፈው። ፊደሏንም አስገባት።»

ከእሑድ እስከ ሐሙስ ቃለአብ ማዮን በእግሩ ዞረ። ሴቶቹ ከሥራ ሲመለሱ፣ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ነው የሚደርሰው። የመጀመሪያው በር ላይ እጁን አንሥቶ፣ አውርዶ፣ ሊመለስ ሲል አበባ የምትባለው እናት ከውስጥ «ግባ፣ አየሁህ» አለችው። አምስተኛው በር ላይ ራሱ አንኳኳ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ማንኳኳቱን ረስቶ ገባ። ጥያቄውን ከወረቀት ማንበብ ትቶ እንዲህ እያለ ይጠይቅ ነበር፦ «ቦዩ በዚህ ይለፍ ብለው ከመቁረጣቸው በፊት፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ ያላችሁ ሰው አለ?»

መልሱ አንድ ቃል ሆኖ አያውቅም። ሁሉም መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ያወራል። በአምስት ቀን ውስጥ የሰማው ነገር ደብተሩን ሞላው።

ዓርብ እናቶቹ ዕረፍት ናቸው። ሆሹ ገና በጠዋቱ ሞላ። ከባንኩ የመጣችው መርማሪ ቱኒዚያዊት ናት፤ ረጅም፣ ፀጉሯን ያሳጠረች፣ ዓረብኛዋ የመጽሐፍ። ኩባንያው ደግሞ የሥራ ቦታውን መሐንዲስ ኢክሪማን ልኳል። ኢክሪማ ፀሐይ ያከሰለው፣ ጫማው አቧራ የለበሰ ወጣት ነው፤ ልጆቹ ያውቁታል፣ አንዷ ሮጣ ሄዳ እግሩን ያዘችው። መሠረት ይህን አይታ ፊቷን አዞረች።

መርማሪዋ የመጀመሪያዎቹን ቅጾች ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። «ደብዳቤያችሁን አንብቤዋለሁ» አለች ለሐምዲያ። «እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሠላሳ ሰባት አዎ በአንድ ፊደል ጠፋ ማለት ይከብዳል። እኔ አማርኛ አላውቅም። ነገ አለቃዬ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?»

ሐምዲያ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። መርማሪዋ ግን ወደ ኢክሪማ ዞራ ነበር። «አንተስ? እነዚህን ሰዎች ሥራው ከመጀመሩ በፊት አነጋግራችኋቸዋል?»

«ወላሂ በደንብ ነው እንጂ!» አለ ኢክሪማ ከልቡ። «ሦስት ጊዜ ራሴ መጥቻለሁ። ነሰሕናሁም።»

ቃለአብ የሚተረጉምለት ሰው አያስፈልገውም ነበር፤ ለሴቶቹ ግን መተርጎም ነበረበት። አፉን ከፈተ። «መከርናቸው ነው የሚለው» አለ በአማርኛ። ይህን ብሎ ቆመ። የሰማው ነገር ለራሱ የገባው አሁን ነው።

«አዎ፣ ልክ ነው» አለች መሠረት። «ሦስት ጊዜ። አንድም ቀን አልቀረም።»

ከኒሙ ሥር ጋሽ ምንዳዬ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ተሰማ።

ቃለአብ እጁን አነሣ፤ ትምህርት ቤት ሳለ እንኳ አንሥቶት የማያውቀውን እጅ። «እመቤቴ» አላት መርማሪዋን በዓረብኛ፣ «አሁን መሐንዲሱ ነሰሕናሁም ነው ያለው። መከርናቸው። ሻወርናሁም አላለም፤ አማከርናቸው አላለም። እኔም ወረቀቱ ላይ በስህተት የጻፍኩት ይኸንኑ እሱ ያለውን ቃል ነው። ሠላሳ ሰባቱ ሰዎች አዎ ያሉት ለዚህ ቃል ነው። እሱም እውነቱን ተናገረ፣ እነሱም እውነቱን ተናገሩ።»

መርማሪዋ ቅጹን አየች፤ ኢክሪማን አየች። «አማክራችኋቸዋል?» አለችው ቀስ ብላ፣ ያንን ሌላውን ቃል መርጣ።

ኢክሪማ ጥያቄው ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበለት ይመስል ነበር። «መስመሩ ሲመጣልኝ ተሠርቶ ነው የመጣው» አለ። «እኔ ሰው እንዳይጎዳ ብዬ ነው የመከርኩት። ያማከረ ሰው... አላውቅም። ያለ አይመስለኝም።»

ሐምዲያ ብዕሯን አንሥታ አንዲት መስመር ጻፈች።

«እንግዲያው» አለች መርማሪዋ ወደ መሠረት ዞራ፣ «ቢያማክሩሽ ኖሮ ምን ትያቸው ነበር?»

ቃለአብ ተረጎመ። መሠረት ሕፃኑን ለአበባ ሰጠቻትና ተነሣች።

«ቦዩን አልፈልግም አልልም ነበር። በኸሪፍ አልጋ ላይ ልጅ ደርድሬ የማድረው እኔ ነኝ። ቦዩን እፈልጋለሁ። እኔ የምለው፣ ውሃው በዚህ አያልፍም ነው።»

«እንዴት አወቅሽ?» አለ ኢክሪማ።

«በነጠላ ጫማ።»

ሁሉም አያት።

«እዚህ ስድስት ኸሪፍ ኖሬያለሁ። በየኸሪፉ የልጅ ነጠላ ጫማ ውሃ ይወስዳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ወላሂ ቆጥሬ አልጨርሰውም። እናቶቹ ሲያለቃቅሱብኝ እየሄድኩ የምለቅመው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነው። ከሆሹ በስተጀርባ፣ አሮጌው የጡብ ምድጃ ሥር። አንድም ጫማ በእናንተ ካስማ በኩል ሄዶ አያውቅም። ካስማችሁ ያለበት ዳገት ነው፤ ለዓይን አይታይም እንጂ ዳገት ነው። ውሃው ያውቀዋል።»

ቃለአብ ይህን ሲተረጉም አልተደናቀፈም። ደብተሩ ውስጥ ስድስት ሰው ስለዚያው የጡብ ምድጃ ነግሮት ነበር፤ አንዱ ድስት፣ አንዱ ዶሮ፣ አንዱ የበር መዝጊያ እዚያ አግኝቷል። ደብተሩን ገልጦ ለመርማሪዋ ሰጣት። ፊደሉን ባታነበውም ተቀበለችው።

ኢክሪማ ካርታውን ከቦርሳው አውጥቶ መሬት ላይ ዘረጋ። «ልኬቱ የተወሰደው በየካቲት ነው» አለ ለራሱ። «በየካቲት ሁሉም ነገር ደረቅ ነው።» ከዚያ ብድግ አለ። «የጡብ ምድጃው የት ነው?»

«ወረቀቱ ላይ የለም?» አለችው መሠረት።

«የለም።»

«እንግዲያው ና፣ ላሳይህ።»

ሁሉም ተከተለ። መሠረት ከፊት፣ ኢክሪማ ከጎኗ፣ ልጆቹ በዙሪያቸው፣ ጋሽ ምንዳዬ በከዘራቸው ከኋላ። የጡብ ምድጃው የፈረሰ ግድግዳ ላይ የየዓመቱ ውሃ ጥሎት የሄደው ቡናማ መስመር አንዱ በሌላው ላይ ተነባብሯል፤ ሥሩ ጭቃው ውስጥ ደግሞ ፀሐይ ያሰነጠቃት አንዲት ሰማያዊ ነጠላ ጫማ አፍንጫዋን አውጥታለች። ኢክሪማ ተንበርክኮ መስመሩን በጣቱ ነካው። መርማሪዋ ፎቶ አነሣች።

«ይቺ የማን ናት?» አለ ቃለአብ ጫማዋን አንሥቶ።

«የአበባ ልጅ ጫማ ናት፣ ካቻምና የጠፋች» አለች መሠረት። «አሁን አትሆነውም። አድጓል።»

መልሱ የመጣው ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። በዚህ ጊዜ ቆፋሪው መኪና ሰፈሩ ጥግ ላይ ቆሞ ወፍ ሲያርፍበት ከረመ። ሐምዲያ ከቢሮው ውስጥ «ያ ቃለአብ፣ ያላ!» ስትል በረንዳው ላይ የነበረው ቃለአብ ደብዳቤውን ሳያይ ነገሩ ገባው። ባንኩ አቤቱታውን ተቀብሎታል። ነዋሪው ስላልተማከረ ያ የቦዩ ክፍል ይቆማል፤ ልኬቱ በዝናብ ወቅት እንደገና ይወሰዳል፤ አዲሱ መስመር ሳይቆረጥ ነዋሪው ይጠየቃል። ደብዳቤው ሁሉንም አልሰጠም። ቦዩ ዘንድሮ ስለማይደርስ ማዮ ይህን ኸሪፍ እንደልማዱ በአልጋ ላይ ነው የሚያሳልፈው። መሠረት ይህ ሲነገራት «ስድስቱን ችያለሁ፣ ሰባተኛው አይገድለኝም» ብላ ጡብ መልቀም ጀመረች።

ኸሪፉ ገባ። በሐምሌ መጨረሻ ሁለት ቀን ሙሉ ጣለ። በሦስተኛው ቀን ቃለአብ ሱሪውን ሰብስቦ ማዮ ሲደርስ፣ ውሃው ከሆሹ በስተጀርባ በጡብ ምድጃው በኩል ቡናማ ሆኖ ይጋልባል። ሆሹ ውስጥ ያለው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። አዲስ ቅጽ ይዟል፤ በላስቲክ ጠቅልሎታል። አራተኛውን ጥያቄ ጋሽ ምንዳዬ አይተውለት፣ ሁለት ጊዜ ሠርዘውበት፣ በመጨረሻ «አሁን ሰው ይጠይቃል» ብለው አሳልፈውታል።

ኢክሪማ ቀድሞት ደርሷል። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነክቶት፣ አንድ ክንድ ሙሉ ካስማ አቅፎ የሆሹ በር ላይ ቆሟል። የሆሹ በር ክፍት ነው። ግን አልገባም።

«ለምን አትገባም?» አለው ቃለአብ በዓረብኛ።

«አንኳኩቻለሁ። ጠብቅ አለችኝ።»

ከውስጥ የመሠረት ድምፅ መጣ። «ቃልዬ፣ አንተ ነህ? ንገረው እስቲ፣ ልጆቹን አብልቼ እመጣለሁ በለው። ካስማውን መጀመሪያ የት እንደሚተክል ሳንነጋገር አንድም እንዳይመታ።»

ቃለአብ ነገረው። ኢክሪማ ራሱን ነቀነቀና ካስማዎቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ያ ባለከሰል ዓይኑ ቀይ ሰውዬ ሥር ቁጢጥ አለ። ቃለአብም ከጎኑ ቁጢጥ አለ። ማዶ ከጡብ ምድጃው አጠገብ አንዲት ነጠላ ጫማ በውሃው ላይ እየተሽከረከረች ታልፋለች።

«ጀልባ ትመስላለች» አለ ቃለአብ። እንዲህ ያለውን ነገር ጮክ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

ኢክሪማ ዓይኑን አጥብቦ አያት። «አቅጣጫዋን እይ» አለና እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ።